ርካሹ የኩሬ ዓሣ፦ በምን ፋንታ?

በየጥቂት ወራቱ እየተመለሰ የሚመጣ ቪዲዮ አለ። ድፍርስ ውኃ፣ ከውኃው በላይ አፋቸውን ከፍተው የሚተራመሱ ዓሦች፣ ከበስተጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከዚያ በደማቅ ቀይ «ይህን ዓሣ በፍጹም እንዳትበሉ!» የሚል ጽሑፍ። አንዴ ዘመድ ይልክልኛል፣ አንዴ የሥራ ባልደረባ፣ አንዴ ደግሞ ድምፁ ጠፍቶ የከረመ ሰው ያለ ሰላምታ ይሰድልኛል። ምግብ ማብሰልና ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንደምወድ ስለሚያውቁ ከሥሩ ያቺው ጥያቄ አትጠፋም፦ «አንተ ግን ትበላዋለህ?»

እበላዋለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ሳይሆን መርጬ፣ ዘወትር ሳይሆን አልፎ አልፎ፤ ግን እበላዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ዓሣ እንደምናወራ እንግባባ። ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ በላስቲክ ታሽጎ የተደረደረው፣ ነጭ፣ እሾህ የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ ዋጋው ከጎኑ ካለው የባሕር ዓሣ ጋር ሲተያይ «ተሳስተው ይሆን?» የሚያሰኘው ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ የቬትናም ፓንጋሲየስ፣ ወይ የቻይና ቲላፒያ። ሁለቱም የወንዝና የሐይቅ ወገን ናቸው እንጂ የባሕር አይደሉም። በሰው እጅ ተፈልፍለው፣ በሰው እጅ ተቀልበው፣ አብዛኞቹ ኩሬ ውስጥ ያደጉ ናቸው።

እንዲህ ያለው ዓሣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ቁጥር ይስማ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንዳስታወቀው በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከእርባታ የተገኙት የውኃ እንስሳት 94.4 ሚሊዮን ቶን ደርሰው፣ ከጠቅላላው 51 በመቶ በመያዝ፣ በመረብና በመንጠቆ ከሚጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጠዋል። ከዚህ የእርባታ ምርት ውስጥ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ከባሕር ርቆ የብስ ላይ ባሉ ውኃዎች የሚመረት ነው። ስለ ዓሣ እርባታ ሲነሳ ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው ሳልሞን ቢሆንም ዓለምን የሚመግበው የኩሬው ዓሣ ነው።

ፓንጋሲየስ የአምባዛ ዘመድ ነው። ቬትናሞች ትራ ይሉታል፤ የሚረባው ሜኮንግ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚዘረጋበት የደለል ምድር፣ አን ጃንግ፣ ዶንግ ታፕና ካን ቶ በሚባሉ አካባቢዎች ነው። ባሳ የሚባለው ሌላ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሻጮች ግን ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ኖረዋል። ቀድሞ ገበሬው የዓሣውን ጫጩት ከወንዙ አጥምዶ በኩሬ ወይም ወንዙ ላይ በተንሳፈፈ ቤት ሥር በታሰረ የእንጨት ቀፎ ውስጥ ያሳድግ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ትራን በሰው እጅ ማስፈልፈል ሲቻል ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ከወንዙ ጫጩት መጠበቅ ቀረ። አሥር ዓመት ጥቂት እንዳለፈ የዓመቱ ምርት 1 ሚሊዮን ቶን አልፎ ከ100 በላይ ወደሆኑ አገሮች መላክ ጀመረ።

ይህን ያህል የረከሰው ጉልበት ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የዓሣው ተፈጥሮ ነው። ትራ በስንጥቡ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር እየጎነጨም ይተነፍሳል። ውኃው ኦክስጅን ሲያጥረው ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እሱ ይተርፋል። ስለዚህ ከ3 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት ባለው ኩሬ ውስጥ እጅግ ተጠጋግቶ መኖር ይችላል፤ ከአንድ ሄክታር ኩሬ በአንድ ዙር 300 ቶን ያህል ዓሣ ማውጣት የተለመደ ነው። ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ 1 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። በቪዲዮው አፋቸውን ከፍተው የሚተራመሱት ዓሦችም እያጣጣሩ አይደለም፤ ወይ አየር እየጎነጩ ነው፣ ወይ መኖ ተበትኖላቸው እየተሻሙ ነው። ውኃው የደፈረሰው ደግሞ በከፊል ሜኮንግ ራሱ ደለል ተሸካሚ ወንዝ ስለሆነ ነው። መጠጋጋቱ ደስ ይለኛል ማለቴ አይደለም። የእንስሳው ሁኔታ ያሳስበኛል፤ ነገር ግን አየር ጠጪን ዓሣ በሳልሞን ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የነጭነቱ ነገር ነው። ውኃው ብዙ በማይቀየርበት ኩሬ ያደገ ትራ ሥጋው ወደ ቢጫ ያደላል። ቢጫው ከአልጌና ከመኖ የሚመጣ፣ ከካሮት ቀለም ጋር አንድ ወገን የሆነ ነገር ነው፤ ለበላተኛው ጉዳት የለውም። ሆኖም የአውሮፓና የአሜሪካ ገዥ ነጩን በጥሩ ዋጋ፣ ቢጫውን በቅናሽ ስለሚወስድ አርቢው ሥጋው እንዲነጣለት የኩሬውን ውኃ በብዛት እየቀየረ፣ ከወንዙ እያስገባ መልሶ ወደ ወንዙ ያስወጣል። ከውኃው ጋር የተረፈ መኖና የዓሣ ኩስ አብሮ ይወጣል። እንግዲህ ንጹሕ የመሰለንን ነጭ ፋይሌት (ከአጥንቱ የተለየ የዓሣ ሙዳ) ፍሪዘር ፊት ቆመን ስንመርጥ ወንዙ የሚሸከመውን ቆሻሻ እያበዛን ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዳር ዳሩ ቢጫ ያለበት ፋይሌት ሳገኝ አልሸሸውም።

ቲላፒያ ታሪኩ ሌላ ነው። በብዛት የሚረባው የናይል ቲላፒያ መነሻው አፍሪካ ነው። በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ በተጀመረ የማሻሻያ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ያመጧቸውን የዱር ቲላፒያዎች እስያ ውስጥ ቀድሞ ከነበሩት ጋር እያዳቀሉ ፈጥኖ የሚያድግ ዘር አወጡ። ዛሬ የዓለም አንደኛ አምራች ቻይና ናት። በዚህ የተነሳ ከቻይና የመጣ በረዶ የሆነ ቲላፒያ የቪክቶሪያ ሐይቅ ተጋሪ በሆነችው በኬንያ ገበያ ሲሸጥ፣ የሐይቁ አጥማጆች ዋጋችን ተሰበረ ብለው ጮኹ፤ በ2018 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሳይቀሩ ይህ ዓሣ እንዲታገድ በይፋ ተናግረዋል። አጥማጆቹ አልተሳሳቱም። ለበላተኛው የረከሰው ዓሣ ለእነሱ ከልጆቻቸው ራት ላይ የሚቀነስ ነው።

ስለ ቲላፒያ ሁለት ወሬዎች አሉ። አንደኛው የሆርሞን ነው፤ እውነት አለው። ቲላፒያ ገና በጨቅላነቱ ይራባል፤ ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከተተዉ ኩሬው በማያድጉ ትናንሽ ዓሦች ይሞላል። ወንዱ ደግሞ ፈጥኖ ያድጋል። ስለዚህ በብዙ ማስፈልፈያዎች ጫጩቶቹ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሳምንታት የወንድ ሆርሞን የተቀላቀለበት መኖ ይበሉና ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ ይሆናሉ። ሲሰሙት ይቀፋል። ነገር ግን ያኔ የአንዱ ጫጩት ክብደት ከ1 ግራም አይበልጥም፤ ለገበያ የሚደርሰው ከወራት በኋላ፣ በመቶዎች እጥፍ አድጎ ነው፤ ሆርሞኑ ከሰውነቱ ከወጣ ቆይቷል። እኔን የሚያሳስበኝ በላተኛው ሳይሆን ያን መኖ በባዶ እጁ የሚያቦካው ሠራተኛ ነው። ስለ እሱ የሚያወራ ቪዲዮ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።

ሁለተኛው ወሬ «ቲላፒያ ከአሳማ ቤከን ይብሳል» የሚለው ነው። የመጣው በ2008 በአሜሪካው ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ከወጣ ጥናት ሲሆን፣ ጥናቱ ያለው በእርባታ ቲላፒያ ውስጥ የኦሜጋ 6 ቅባት ለልብ ይጠቅማል ከሚባለው የኦሜጋ 3 ቅባት ጋር ያለው ምጣኔ ጥሩ አይደለም ነው። ምጣኔውን ይዞ መጠኑን መርሳት ግን ሰውን ያስታል። 100 ግራም ቲላፒያ ውስጥ ያለው ቅባት በጠቅላላው 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ፕሮቲኑ 20 ግራም ነው። ቤከን ከዚህ ብዙ እጥፍ ቅባትና የትየለሌ ጨው አለው። የሥነ ምግብ ሊቃውንትም ወዲያው ንጽጽሩ ልክ አይደለም ብለው ጽፈዋል፤ ወሬው ግን ዛሬም አልሞተም።

ወሬ ለምን እንዲህ ዕድሜ ያገኛል? ለፓንጋሲየስ ከመልሱ ከፊሉ ንግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ፣ አላባማና አርካንሶ የራሳቸውን አምባዛ የሚያረቡ ገበሬዎች አሏቸው። የቬትናሙ ዓሣ በርካሽ ሲገባባቸው ወደ ምክር ቤት ሮጡ። በ2002 በሕግ የቬትናሙ ዓሣ በእነሱ ዓሣ ስም እንዳይሸጥ ተደረገ፤ በ2003 ከዋጋ በታች ይሸጣል ተብሎ ቀረጥ ተጣለበት፤ በ2008 ደግሞ ምርመራው ከሌላው ዓሣ ተለይቶ ሥጋ ወደሚመረምረው የግብርና መሥሪያ ቤት እንዲዛወር ተወሰነ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2016 ነው። በዚህ ሁሉ መሐል የውጭው ዓሣ ቆሻሻ ነው የሚል ማስታወቂያ በገንዘብ ተሠርቷል። አውሮፓም ቢሆን በ2010 የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቱ ደብሊውደብሊውኤፍ በአንዳንድ አገሮች የገዥ መመሪያው ላይ ፓንጋሲየስን «አትግዙ» ከሚለው ቀይ ምድብ አስገብቶት፣ ቬትናም ከተቆጣች በኋላ አርቢዎቹ አካባቢን ለሚጠብቅ እርባታ የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት ወደ መያዝ እንዲሄዱ ተስማምቶ አወጣው።

ይህን ስናገር «ታዲያ ሁሉም የተፎካካሪ ስም ማጥፋት ነው» የሚል አለ። እሱም አይደለም። ማላካይት ግሪን የሚባል ርካሽ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ በዓሣ እንቁላልና ቆዳ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ድራሹን ያጠፋል። ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር አውሮፓም አሜሪካም ለምግብ ዓሣ ከልክለውታል፤ ከአካል ውስጥ ቶሎ አይወጣም። ከልካይ እያለም በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ከቻይና የሚመጡ የእርባታ ሽሪምፕ፣ አምባዛ፣ ባሳ፣ ዴስ የሚባል ትንሽ ዓሣና እባብ መሰሉ ኢል ከተከለከለ መድኃኒት ነጻ መሆናቸው ካልተረጋገጠ እንዳይገቡ አግዷል። የቁጥጥሩ ነገር ደግሞ ያስቃል፤ በ2011 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት ሪፖርት እንዳለው፣ በ2009 ኤፍዲኤ ከውጭ ከገባው የባሕርና የወንዝ ምግብ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት ምርመራ ያደረገው 0.1 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ነው። ከሺህ አንድ ማለት ነው።

ታዲያ አደጋው ምን ያህል ነው? በኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመርዝ ጥናት ባለሙያዎች ለዓመታት በፓንጋሲየስ ላይ የተገኙትን ቅሪቶች ሰብስበው አስልተውታል። 70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢበላ ከገደቡ ለማለፍ፣ ከፀረ ተባይ ኬሚካሎቹ እጅግ አስጊ በሆነው ስሌት እንኳ፣ በቀን 3.4 ኪሎ ፋይሌት ያስፈልገዋል። በቀን 3.4 ኪሎ ዓሣ የሚበላ ሰው መጀመሪያ ሌላ ነገር ነው የሚገድለው። በሜርኩሪ በኩልም የኩሬው ዓሣ ከብዙዎቹ የተሻለ ነው፤ ዕድሜው አጭር ስለሆነና ሌሎች ትልልቅ ዓሦችን ስለማይበላ ሜርኩሪ አያጠራቅምም። በኤፍዲኤ መዝገብ የቲላፒያ አማካይ 0.013 ሲሆን ትልቁ አዳኝ የሰይፍ ዓሣ 1 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው (ከሚሊዮን ክፍል ውስጥ)። ውዱን የባሕር ዓሣ ለልጁ ገዝቶ ርካሹን የሚፈራ ሰው በዚህ ረገድ ፍርሃቱን ገልብጦ ይዞታል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ስሌት አይመለስም፤ አንቲባዮቲክ። ጉዳዩ ሳህን ላይ የሚቀረው ብናኝ አይደለም፤ ኩሬው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒት መልመዱ ነው። የለመደ ባክቴሪያ ፓስፖርት አይጠይቅም። ትራን ከሚያጠቁት በሽታዎች ዋነኛው ጉበቱንና ኩላሊቱን በነጫጭ ነጠብጣብ የሚሞላ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ኖርዌይ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት ነበር፤ በ1987 ለሳልሞን እርባታዋ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ታፈስ ነበር። ክትባት ሲመጣ፣ ምርቱ በብዙ እጥፍ ጨምሮም፣ መድኃኒቱ ከ1 ቶን በታች ወረደ። ለትራም ክትባት ተሠርቷል። ችግሩ ጥሩው ክትባት አንድ በአንድ በመርፌ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ውድ ለሆነው ሳልሞን መርፌው ያዋጣል፤ ኪሎው ምንም ለማያወጣው ትራ ግን የመርፌው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ርካሽነቱን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው ሲረክስ ክትባቱ ይቀርና መኖው ላይ የሚነሰነሰው መድኃኒት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ወጥ ቤት ልግባ፤ ትልቁ ቂሜ ያለው እዚያ ነው። ቂሜም በመርዝ ሳይሆን በውኃ ነው። ከርካሾቹ ሁሉ የረከሰውን አንድ ፋይሌት ከነበረዶው ሚዛን ላይ አስቀምጬ ጻፍሁት። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የበረዶ ሽፋን አለው። ዓሣው እንዳይደርቅ የሚያስፈልግ ነው፤ በልኩ ሲሆን ክፋት የለውም። በወንፊት ላይ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርሁት። ጠዋት ሥር ያስቀመጥሁት ሳህን ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር። ፋይሌቱን አድርቄ ስመዝነው ከሩብ የሚበልጠው ሄዷል። በዚህ አላበቃም። የጋለ መጥበሻ ላይ ሳስቀምጠው በመጥበስ ፋንታ ነጭ አረፋ አወጣና ይቀቀል ጀመር፤ ዘይቱ ላይ ውኃው ተንጣጣ፤ ሥጋው እንደ ጎማ ተኮማተረ። ይህ ውኃ ከበረዶው ሽፋን የመጣ አይደለም። ፋይሌቱ ፋብሪካ ውስጥ ፎስፌት ባለበት ውኃ ተነክሮ ስለሚቆይ ሥጋው ውስጥ የገባ ነው። ፎስፌቱ በማሸጊያው ጀርባ በደቂቅ ፊደል «ትራይፖሊፎስፌት» ወይም «ኢ451» ተብሎ ይጻፋል። ለጤና ብዙ የሚያስፈራ አይደለም፤ ግን በዓሣ ዋጋ ውኃ መግዛት ነው።

ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ዘዴ አለ፤ የፕሮቲኑን መስመር ማንበብ። ውኃ ያልጠጣ ፓንጋሲየስ በ100 ግራም ውስጥ 16 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ቲላፒያ 20። ማሸጊያው 12 ወይም 11 ካለ የቀረው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። እንዲህ ሲሰላ «ርካሹ» ብዙ ጊዜ ርካሽ አይሆንም፤ ትንሽ ከፍ የሚለው፣ ከዓሣ በቀር ሌላ ያልተጻፈበት ማሸጊያ በፕሮቲን ሚዛን ያሸንፈዋል። ስለ መርዝ ስንከራከር በኪሳችን የሚያልፈውን ይህን ግልጽ ነገር ማንም ቪዲዮ አይሠራበትም፤ አያስፈራማ።

የአፈር ጣዕም ያለውም ይገጥማል። እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ኩሬ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተዋሕስያን የሚያመነጩት፣ ከዝናብ በኋላ መሬት የሚሸትተን ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ጠንቃቃ አርቢ ዓሣውን ከመሸጡ በፊት ለቀናት በጠራ ውኃ ውስጥ ሳይመግብ ያቆየዋል፤ የቸኮለ ይዘለዋል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያለዝበዋል።

እስካሁን «ብሉት» እያልሁ ይመስላል። እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። አንድ ሰው ይህን ዓሣ ልብላ አልብላ ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው «በምን ፋንታ?» ብዬ ነው። ብቻውን ቆሞ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ምግብ ጥቂት ነው።

ዓሣ ለልብ ጥሩ ነው ሲባል የሰማ ሰው፣ በዚህ ምክንያት ፓንጋሲየስ የሚበላ ከሆነ ተታሏል። የዓሣ ዝና የተገነባው በቅባታሞቹ የባሕር ዓሦች ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሰው በቀን 250 ሚሊ ግራም የባሕር ኦሜጋ 3 ይበቃዋል ይላል፤ የእርባታ ሳልሞን በ100 ግራም ከ1 እስከ 2 ግራም ስለሚይዝ የሳምንቱን በአንድ ማዕድ ሊሞላው ይችላል። ፓንጋሲየስ ግን በአሥሮች በሚቆጠር ሚሊ ግራም ነው ያለው፤ ቲላፒያም ትንሽ ቢሻል ነው። እኩል ረክሶ በኦሜጋ 3 እነዚህን የሚያስከነዳ የቆርቆሮ ሰርዲን መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ በሰርዲን ፋንታ ፓንጋሲየስ የሚገዛ ከስሯል። በባቄላና በምስር ፋንታ ከሆነም ያገኘው ጥቅም ብዙ አይታየኝም፤ ኪሱ ግን ይጎዳል።

በቋሊማና በታሸገ የተቀመመ ሥጋ ፋንታ ከሆነ ግን ሳላመነታ ዓሣውን ብሉ እላለሁ። በዶሮ ፋንታ ከሆነ እኩል ለእኩል ናቸው፤ ዶሮን ሳይጠራጠር በልቶ ትራን የሚጸየፍ ሰው ስለ ዶሮው ቤት ቪዲዮ ስላልደረሰው ብቻ ይመስለኛል። በበሬ ሥጋ ፋንታ ከሆነ ምድሪቱም ታመሰግናለች። ትራ 1 ኪሎ ለመጨመር ከ1.5 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ መኖ ይበቃዋል፤ ዓሣ ደሙን ማሞቅ አይጠበቅበትም፣ ክብደቱንም ውኃው ይሸከምለታል። መኖውም በአብዛኛው አኩሪ አተር፣ የሩዝ ፉርሽካና ካሳቫ ነው፤ የባሕር ዓሣ ተፈጭቶ የሚገባበት በጥቂቱ ነው። ከአንድ ዓሣ ፋይሌት ሆኖ የሚወጣው ሲሶው ብቻ ቢሆንም የቀረው ሁለት ሦስተኛ አይጣልም፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ መኖ፣ ስቡ ዘይት፣ ቆዳው ጄላቲን ይሆናል። የኩሬዎቹ ዝቃጭ በየቦዩ መለቀቁ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሆኖም የሜኮንግን ደለል ምድር እያሳነሱ ያሉት ላይኛው ወንዝ ላይ የተሠሩት ግድቦች፣ የአሸዋ ቁፋሮና ከባሕር እየገፋ የሚገባው ጨው ናቸው። አኩሪ አተሩም ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ደን ተመንጥሮ የተዘራ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥያቄ ግን ለዶሮውም ለአሳማውም እኩል ይቀርባል።

ስለ ሰዎቹ ትንሽ። ፋይሌቱን የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ቦት ጫማ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆመው ይውላሉ። ቢላዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል፣ ፋይሌቱ ወደ አንዱ ገበታ፣ አጥንቱ ወደ ሌላው። ትንንሾቹ አርቢዎች ዋጋው ከወጪያቸው በታች ሲወርድ በየዙሩ ኪሳራ እየቆጠሩ ከሥራው ወጥተዋል፤ ኩሬውን የራሱ የማቀነባበሪያ ፋብሪካና የመኖ ወፍጮ ያለው ኩባንያ ይዞታል። «አትግዙ» የሚለው ዘመቻ መጀመሪያ የሚመታው እነዚህኑ ነው። ውኃ የጠጣውን የመጨረሻ ርካሽ መምረጥም ያው ነው፤ ገዥ በሳንቲም ሲከራከር ሳንቲሙ የሚቀነሰው ከእነሱ ላይ ነው።

እኔ ስገዛ የማየው ጥቂት ነው። የዝርያው ስምና ያደገበት አገር ካልተጻፈ እተወዋለሁ። የፕሮቲኑን ቁጥር አያለሁ። ኤኤስሲ የሚል አረንጓዴ ምልክት (በጥንቃቄ ለረባ ዓሣ የሚሰጥ ማረጋገጫ) ካለ እመርጠዋለሁ፤ ፍጹም ሆኖ ሳይሆን፣ ዓሣው ሳይታመም ለመከላከያ ብሎ አንቲባዮቲክ መስጠትን ስለሚከለክልና የሚወጣው ውኃ እንዲለካ ስለሚያስገድድ ነው። ቢኤፒ የሚለው ሌላው የእርባታ ማረጋገጫ ምልክት ደረጃው በኮከብ ነው፤ አንድ ኮከብ ማለት ብዙ ጊዜ የተመረመረው ፋብሪካው ብቻ ነው፣ ኩሬውን ማንም አላየውም ማለት ነው፤ አራት ኮከብ ሲሆን ማስፈልፈያውና መኖ ፋብሪካው ሁሉ ገብተዋል። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ «ነጭ የባሕር ዓሣ» ተብሎ በውድ የሚቀርበው ፓንጋሲየስ ሊሆን እንደሚችል እጠረጥራለሁ፤ ከፋይሌቱ ላይ ቆዳው ከተገፈፈና ሶስ ከፈሰሰበት ለመለየት ያስቸግራል። በኩሬ ዓሣነቱ ቅር አይለኝም፤ በባሕር ዓሣ ዋጋ ሲሸጥልኝ ነው።

ክትባት የተወጋ ዓሣ መሆኑን የሚናገር ማሸጊያ እስካሁን አላየሁም። ቢኖር ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ከሌላው ለይቼ እገዛው ነበር። ሻጮች ሊጽፉት ከሚችሉት ሁሉ ይህ አንድ መስመር ከ«ተፈጥሯዊ» እና ከ«ትኩስ ጣዕም» ይበልጥብኛል፤ ለደንበኞች አስተያየት በተዘጋጀው አድራሻ ጽፌላቸዋለሁ፣ የመጣልኝ መልስ የቅናሽ ኩፖን ነው።